ማሲ 135ን ኮምቦልቻ አሠርቼ ስመለስ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሰሌዳ የሌለው አንድ ጋራዥ አለ። ሰዉ "ሀጂ ጋ" ነው የሚለው። ትራክተር፣ የመስኖ ፓምፕ ሞተርና የወፍጮ ሞተር ይሠሩበታል፤ ከጎኑ ባለው ቤት ደግሞ ቶርኖና የሬቲፊካ (የሞተር ቀዳዳና ዘንግ ማስተካከያ) ማሽን አለ። አሮጌውን ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተሬን ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር ሞተሩን አስወርጄ ያሠራሁት እዚያ ነው። ስለ ሥራቸው፣ ስለ ዋጋቸው፣ ደስ ስላሰኘኝና ስላልተመቸኝ ነገር በዝርዝር እጽፋለሁ። እኔ ራሴ ከመሄዴ በፊት እንዲህ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ አጥቼ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ትራክተሩ ላውራ። ደሴ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሀይቅ ከተማ ላይ፣ ከሐይቁ ውሃ ብዙም ሳይርቅ፣ ከግማሽ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ የቤተሰብ መሬት አለን። ማንጎ፣ ብርቱካንና ጥቂት ቡና አለበት፤ በዛፎቹ መሃል ሽንኩርትና ሽምብራ እናደርግበታለን። ቅዳሜና እሁድ አልጠፋም። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚወደው እኔ አሮጌ ሞተር እወዳለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ ለመስማት ከትምህርት ቤት መንገድ የምቀር ነበርኩ። ማሲውን በ2015 ዓ.ም. በጨረታ ገዛሁት። ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ነበር። ማርሚታው ውስጥ ተርብ ቤቷን ሠርታለች፣ መሪው ላይ ዶሮ ታድርበታለች፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ጓደኞቼ "በዚህ ብር ላም አትገዛም ወይ?" ብለውኛል። እኔ የፈለግሁት ግን ይህንን ነበር።

ለጓሮ እርሻ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ትራክተር አላየሁም። ማሲ 135 እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ውስጥ ባነር ሌን በሚባለው ፋብሪካ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1964 ጀምሮ የተሠራ ነው። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሲሆን ይዘቱ 2.5 ሊትር ነው፤ በሞተሩ ስም ውስጥ ያለው 152 የሚለው ቁጥርም ይኸው ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ሲለካ ነው። ጉልበቱ 45 ፈረስ ያህል፣ ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ነው። በማንጎ ዛፎች መሃል ይዞራል፤ ዋልካ አፈር ደግሞ በከባድ ጎማ ሲረገጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህ ቅለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከኋላ ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ማንሻ የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ነው። ማረሻው ተጎትቶ የሚከተል ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የትራክተሩ አካል ሆነ፤ መሬቱ ሲከብድ ማንሻው ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ያንን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ሌላ ትራክተር አላማረኝም።

ሀጂ ጋ ከመሄዴ በፊት ሌላ ከተማ፣ ስሙን ከማልጠራው ጋራዥ አሠርቼው ነበር። ሞተሩን ከፈቱ፣ አንዴ አዩና "ፋሻ ብቻ ነው የሚፈልገው" አሉኝ፤ ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው። ምንም አልለኩም። በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ ፋሻ ገብቶለት፣ ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት፣ ኮፈኑ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ወጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሁለተኛው ወር ሰማያዊ ጭስ ጀመረ። በአራተኛው ወር አምስት ሰዓት ባረስኩ ቁጥር አንድ ሊትር ዘይት እጨምር ነበር። ያኔ ተመልሼ ስጠይቅ "አሮጌ ነው፣ ከዚህ በላይ አይሆንም" የሚል መልስ ሰጡኝ። አሮጌ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት ለምን እንደዚህ እንደሆነ ነበር።

ስለዚህ በጥቅምት ወር ማሲውን ሀይቅ ላይ አይሱዙ ላይ ጭኜ፣ ደሴን አልፌ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሐረጎን በአይሱዙ ላይ የታሰረ ትራክተር ይዞ መውረድ ቀልድ አይደለም፤ ሹፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስያዘ ነው ያወረደን። እኔ ገመዱን እያየሁ ነበር።

ሀጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ትራክተሩን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉት ነገር "አስነሳው" ነው። ቁልፍ አላነሱም፣ ዋጋም አልተናገሩም። ተነሳ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸውን ከላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እዚያው አስቀመጡት። ትንፋሹ መዳፍ ይመታል። "ይሄ በፒስተኑ ጎን አምልጦ የሚወርድ ጉልበት ነው" አሉኝ። ቀጥሎ አንዱን ልጅ ጠርተው ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን የእያንዳንዱን ኖዝል ቧንቧ ዳዶ በተራ እንዲያላላ አደረጉ። አንደኛውን ሲያላላ ሞተሩ ወደቅ አለ፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሁለተኛውን ሲያላላ ግን የሞተሩ ድምፅ ምንም አልተለወጠም። መሃለኛው ሲሊንደር ከመጀመሪያውም እየሠራ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃና አንድ ቁልፍ ብቻ በቃቸው።

በማግስቱ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተነሳ፤ ፒስተኖቹ ወጡ። እዚህ ጋ ነው የጋራዡን ዋጋ ያወቅሁት፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ሀጂ ከመሃለኛው ፒስተን ላይ ያልተሰበረ አንድ ፋሻ አወጡ። ከላይኞቹ ሁለቱ ተሰብረው ነበር፤ ከአራት ወር በፊት የገቡት አዲሶቹ መሆናቸውን ልብ በሉ። ያንን ደህና ፋሻ በካሚቻው (ፒስተኑ በሚመላለስበት ቱቦ) ውስጥ፣ ፋሻ ሲሠራ ወደማይደርስበት ወደ ታችኛው ጫፍ፣ በራሱ በፒስተኑ አናት እየገፉ ቀጥ አድርገው አስቀመጡት። ፋሻ ክብ ቢሆንም አፍ አለው። በዚያ አፍ ውስጥ ስስ የብረት ምላሶች ያሉትን መለኪያ አስገቡና 0.40 ሚሊሜትር አነበቡ። ቀጥለው ፋሻውን ወደ ላይ አምጥተው፣ ከካሚቻው አፍ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ የላይኛው ፋሻ ሲሠራ በሚመላለስበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ያው ፋሻ፣ ያው መለኪያ። አፉ 1.65 ሆነ።

"እንግዲህ አንተ የሂሳብ ሰው ነህ አሉ፤ አስላው" አሉኝ።

አሰላሁት። የክብ ዙሪያ ዲያሜትሩ በ3.14 ሲባዛ ነው። አፉ በ1.25 ከሰፋ ቀዳዳው በዲያሜትር 0.40 ሚሊሜትር በልቷል። ሀጂ ፈገግ አሉና ባለ ሰዓት መለኪያቸውን ከሣጥኑ አወጡ። የዚህ ሞተር ቀዳዳ አዲስ ሲሆን 91.4 ሚሊሜትር ነው። ወደ ትራክተሩ ርዝመት በኩል ለኩት፤ ቀጥሎ መለኪያውን አዙረው ቢዬላው (የፒስተኑ ክንድ) ፒስተኑን እየገፋ ወደሚያስደግፍበት ጎን ለኩት። በዚህኛው በኩል ከወዲያኛው ይበልጥ በልቷል። ቀዳዳው ሰፊ ብቻ ሳይሆን ዕንቁላል ቅርጽ ይዟል። ክብ ፋሻ ዕንቁላል ቀዳዳን ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። ቀዳዳው ከላይ ሰፍቶ ከታች ሲጠብስ ፋሻው ምን ያደርጋል? ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይከፈታል፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይዘጋል፤ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ። በዚያ ላይ ካሚቻው አናት፣ አሮጌው ፋሻ ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ ላይ፣ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ዘርፍ ቀርቷል። አዲሱ ፋሻ ማዕዘኑ ስለት ነው፤ ያንን ዘርፍ ሲመታ ይሰበራል። የአራት ወሩ ጭስ፣ የሊትር ዘይቱ፣ የተሰበሩት ፋሻዎች፣ ሁሉም በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ተብራራልኝ። ጥፍሬን በዚያ ዘርፍ ላይ ደጋግሜ ሳሳልፍ ቆየሁ።

ያቺ ባለ ሰዓት መለኪያ ታሪክ አላት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማው ሲያዝ ጋራዡ ባዶውን ነው የቀረው፤ እሷን ግን ሀጂ አስቀድመው ቤታቸው ወስደው ጎተራ ውስጥ እህል አልብሰው አቆይተዋት ነበር። አሁንም ከተጠቀሙባት በኋላ ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚመልሷት። ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም። ልክ ናቸው።

"ሀጂ፣ አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

"እኔ ብሆን ሦስቱንም ካሚቻ ከነፒስተኑ እቀይራለሁ። ብር ከሌለህ ንገረኝና ቀለል ያለ ዘዴ እናበጃለን፤ ግን የሚቆይበትን ጊዜ ከአሁኑ እነግርሃለሁ። ኋላ እንዳትጣላኝ።"

ካሚቻው ደረቅ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውሃ በቀጥታ አይነካውም፣ በፕሬስ ተጭኖ ነው ባሳሜንቶው (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ የሚቀመጠው። ዕቃውን ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አስመጣሁ። ይህ ትራክተር ስልሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይዞ ዛሬም ዕቃ የማይጠፋለት እንግሊዝ አገር ስለሚሠሩለት አይደለም። ፓኪስታን ላሆር ያለው ሚላት፣ ሕንድ ያለው ታፌ የዚሁ ዘር ትራክተሮችን መሥራት ስለቀጠሉ ነው። ዕቃ ስትገዙ ግን የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ጠይቁ፤ እኔ መጀመሪያ የመጣልኝን የፒስተን ስብስብ ሀጂ ለክተው አንዱ ከሌላው ስለሚለይ መልሰውብኛል። ሁለተኛው ስብስብ 52,000 ብር ወሰደ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየወሩ ይለያያል፤ ይህንን ቁጥር እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት።

ካሚቻው ሲገባ አጠገባቸው ነበርኩ። የሬቲፊካው ልጅ (ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ እጁ ግን እንደ ሽማግሌ የተረጋጋ ነው) ቀዳዳውን በናፍጣ አጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን ለእኔ አሳየኝ። ጥቁር ነጥብ ካለበት እንደገና ያጥባል። አራት ጊዜ አጠበው። በፕሬሱ ቀስ እያለ ሲጫን የሚሰማ አንድ ወጥ የሆነ ድምፅ አለ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ካሚቻው ዘሟል ማለት ነው ብሎ ነግሮኝ ሦስቱንም ጆሮዬን ቀስሬ አዳመጥኩ። መጨረሻ ላይ ውስጡን በድንጋይ ሲስለው ሁለት አቅጣጫ ያለው፣ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፈ ስስ ጭረት ቀረበት። ያ ጭረት ዘይት እንዲይዝ ነው። መስታወት መስሎ ያብለጨለጨ ካሚቻ ዘይት አይዝም፣ ፋሻውም አይላመድበትም። ኮሎውንም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ለካው፤ 0.25 ሚሊሜትር ተላጠ፣ በልኩ ብሮንዚኒ (ዘንጉ የሚያርፍበት ስስ ቅስት ብረት) ተገዛለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሥራ የምወደው ራሴ እጄን ስለማስገባበት ነው። ብዙ ጋራዥ ባለቤቱን ከበር ውጭ ወንበር ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። ሀጂ ግን በሦስተኛው ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ናፍጣና የብረት ብሩሽ ሰጡኝ። ቫልቮላዎቹን እኔ ነኝ ያጸዳሁት፣ የእያንዳንዱን ፋሻ አፍ በአዲሱ ካሚቻ ውስጥ እየለካሁ በደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠብበትን በሞረድ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። አንዴ የፋሻዎቹን አፍ ሁሉ በአንድ መስመር አድርጌ ገጥሜ ስሰጣቸው ምንም ሳይሉ አንድ በአንድ አዙረው አሳዩኝ፤ አፎቹ ከተደረደሩ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ መውረጃ ያገኛል። ከሰዓት ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ማንም ቁልፍ አያነሳም። በዚያ ሰዓት ነው ብዙ የተማርኩት፤ አንዱ ሠራተኛ ስለ ቆቦ የመስኖ ፓምፖች ያወራል፣ ሌላው ስለ ባቲ ወፍጮዎች፤ ሀጂ ደግሞ በወጣትነታቸው ስለሠሩባቸው ትራክተሮች።

በአንድ ነገር አልተስማማንም፤ በቴርሞስታት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ክዳን ነው። አብዛኛው የአገራችን መካኒክ ቴርሞስታት ሲያገኝ ነቅሎ ይጥላል፤ "ሞተር እንዳይሞቅ" ይላል። የእኔም ድሮ ተነቅሎ ነበር፤ እዚህም አዲስ ሊያስገቡልኝ አልፈለጉም። እኔ ግን አጥብቄ ለመንኩ። ሀይቅ ላይ ጠዋት ይበርዳል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱ ሳይደርስ ሰዓታት ይሠራል፤ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ናፍጣ በካሚቻው ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ይወርዳል፤ አዲሱ ካሚቻ ያለጊዜው ይበላል። ሞተር የሚሞቀው ራዲያተሩ ስለደፈነ፣ ቺንጋው ስለላላ ወይም የውሃ ፖምፓው ስላረጀ ነው፤ እነሱን መሥራት ነው መድኃኒቱ። ሀጂ ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን "ግዛና አምጣ፤ ራዲያተሩን ግን መጀመሪያ ከፍተን እናጥባለን" አሉ። ከራዲያተሩ የወጣው ዝቃጭ አንድ የቲማቲም ጣሳ ሞላ።

የናፍጣ ፖምፓውን እነሱ አይሠሩም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። "የማናውቀውን አንነካም፤ ደሴ ውሰደው" አሉኝና አንድ ፖምፒስታ (የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ) ጋ ላኩኝ። የዚህ ትራክተር ፖምፓ ካቭ ዲፒኤ ይባላል፤ ክብ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ለሦስቱም ሲሊንደር በተራ ናፍጣ የሚያድል ነው። ፖምፒስታው ከማሽኑ ላይ አስሮ ሲያሠራው የእኔ ፖምፓ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ይሰጥ ነበር፤ ድሮ አንድ ሰው "ጉልበት ይጨምር" ብሎ ከፍቶታል። እኛ ያለነው ደግሞ ከፍታ ላይ ነው። ሀይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካነሰ የሚሰጠው ናፍጣም ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ኖዝሉንም ከሰል ያለብሰዋል። ስለዚህ የእኔ 45 ፈረስ ሀይቅ ላይ 45 አይደለም፤ ፖምፒስታው ይህንን በግልጽ ነገረኝና ቀንሶ፣ አስሮ፣ በእርሳስ ማኅተም ዘጋው። በኋላ የናፍጣ ፍጆታዬ ሲቀንስ በደብተሬ ላይ አይቻለሁ።

ሞተሩ የተነሳው ጥር ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ አየር ማስወጣት ነበረብን። ከማጣሪያው አናት ያለውን ብሎን አላልተን የእጅ ማንሻዋን እየመታን አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ፤ ከዚያ ከፖምፓው ጎን የታችኛውን፣ ከዚያ የላይኛውን፤ በመጨረሻ ሦስቱን የኖዝል ቧንቧዎች። የማርሹን ከፍተኛና ዝቅተኛ መቀየሪያ ማንሻ "ማስነሻ" ከሚለው ቦታ ላይ ካላደረጋችሁት ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) አይዞርም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ባትሪ ሊጥል ይችላል። ሀጂ "አንተ አስነሳው፤ ያንተ ነው" አሉኝ። ቁልፉን ያዝኩ። ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያዘ። ሦስት ሲሊንደር ያለው ፐርኪንስ ድምፁ ይታወቃል፤ አንድ እግሩን ዘለል እያደረገ እንደሚሮጥ ፈረስ ነው። የዘይቱ ግፊት መለኪያ ሲነሳ አየሁት። የዘይት ክዳኑን ከፍቼ መዳፌን አደረግሁ፤ ሞቃት አየር ብቻ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። ሀጂ "ማሻአላህ" ብለው ወደ ሶላታቸው ሄዱ። እኔ አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

አሁን ያልተመቸኝን ልናገር፤ ለሚሄድ ሰው ይጠቅመዋል። አንደኛው ጊዜው ነው። "ሦስት ሳምንት" የተባለው አሥራ አንድ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ በዕቃ፣ ሁለቱ ያህል በመብራት መጥፋት ነው፤ የቀረው ግን በመሃል የመኸር መውቂያ ሞተሮች እየገቡ የእኔ ወደ ጥግ ስለተገፋ ነው። የገበሬው እህል አውድማ ላይ እያለ የእኔ የትርፍ ጊዜ ትራክተር ቅድሚያ ሊያገኝ አይገባም፤ ይህን እቀበላለሁ። ቢሆንም አስቀድመው ቢነግሩኝ ከደሴ አራት ጊዜ በከንቱ አልመላለስም ነበር። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። የቀኝ የኋላ መከላከያ ላሜራ ላይ ዝገቱን ሳያራግፉ ስቱኮ ሞልተው ቀብተውት ነበር፤ በሁለተኛው ወር ተነፋ። ለሞተር ሥራ ሂዱ፤ ለቀለም ግን ሌላ ሰው ፈልጉ ወይም እንደ እኔ ራሳችሁ ሥሩት። እኔ በኋላ ላሜራውን እስከ ብረቱ ገፍፌ፣ ፀረ ዝገት ቀብቼ፣ ኮፈንና መከላከያውን ቀይ፣ ሞተርና ካምቢዮውን ግራጫ አድርጌ እንደ ጥንቱ መልሼዋለሁ። ሦስተኛው ደረሰኝ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው የሚሰጡት። ዕቃና የእጅ ዋጋ ለያይተው ጻፉልኝ ብዬ ስጠይቅ ግን ያለ ማጉረምረም አደረጉት፤ የተነቀለውንም አሮጌ ዕቃ ሁሉ፣ የተሰበረችውን ፋሻ ሳይቀር፣ በጆንያ አድርገው ሰጥተውኛል።

ዋጋው እንዲህ ነበር። የካሚቻ፣ የፒስተንና የፋሻው ስብስብ 52,000፤ ፕሬስና ሬቲፊካ 14,000፤ የኮሎው ማላጫ ከነብሮንዚኒው 6,000፤ የእጅ ዋጋ 30,000፤ ደሴ ላይ ፖምፓና ሦስት ኖዝል 17,000። በድምሩ 119,000 ብር። አይሱዙው ለመሄጃና ለመመለሻ 18,000 ጨምሮበታል። ከዚያ በፊት በዚያኛው ጋራዥ የከፈልኩትን አልቆጠርኩም።

እስከ ዛሬ 74 ሰዓት ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹን 20 ሰዓታት በሮዳጅ (በማላመድ) ነው የያዝኩት። ሀጂ "ሥራ ፈትቶ አታስቁመው፣ ከአቅሙ በላይም አታስጎትተው፤ መካከለኛ ሥራ ስጠው" ስላሉኝ ቀላል መከስከሻ ብቻ አስጎትቼው፣ ከዚያ ዘይትና ማጣሪያ ቀየርኩ። በበልግ ዝናብ ወቅት የሽምብራውን መሬት ሁለት ጊዜ አረሰ። በእነዚህ ሁሉ ሰዓታት የጨመርኩት ዘይት ሩብ ሊትር አይሞላም። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የማደርገው ጥቂት ነው፤ ዘይትና ውሃ አያለሁ፣ የማጣሪያውን ብርጭቆ ውሃ ካለበት አፈሳለሁ፣ የፊት እግሮቹን ግራሶ እሰጣለሁ። ዘይት ውስጥ የተነከረውን የአየር ማጣሪያ በደረቅ ወቅት በየሳምንቱ ከፍቼ አጥባለሁ። የእኛ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ካሚቻን የሚበላው ከሥራው ይልቅ አቧራው ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ኅዳርና ታኅሣሥን ለገበሬው ተዉለትና ከየካቲት በኋላ ወይም ክረምት ላይ ውሰዱ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ይዘጋሉ። የትራክተራችሁን ተከታታይ ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ላይ በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ፤ ዕቃ ሲታዘዝ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ደብተርም ያዙ። እኔ ከኋላ አክስሉ በቀኝ በኩል ፓራሎሊው (የዘይት ማገጃው ቀለበት) ዘይት ወደ ፍሬኑ ማሾለክ ጀምሮብኛል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስነግራቸው "አብሽር፣ ይዘኸው ና፤ መጀመሪያ ግን ጎማውን አንስተህ በእጅህ ወዝውዘው፤ ኩሽኔታው ይሁን ፓራሎሊው እንለይ" አሉኝ። ወዘወዝኩት። ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለየካቲት ተራ ይዣለሁ።